አንድ ዕቃ በሁለት ቦታ

ላፕቶፑ ጭኗ ላይ እንዳለ እንደገና ጠፋ። መምህርቷ አልተቆጣችም፤ ገልብጣ ሆዱን ወደ ተከፈተው መስኮት አዞረችና ነፋስ እስኪመታው እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ከማለዳ ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነበር። ይነሣል፣ ጥቂት ያጓራል፣ እንደ ካውያ ይግላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። በተነሣ ቁጥር የሚቆይባት ዕድሜ እያጠረ መሄዱን ለማወቅ ሰዓት ማየት አላስፈለጋትም።

ትናንት ከሥራ ስትመለስ መንገድ ዳር ካለችው የጥገና ሱቅ ይዛው ገብታ ነበር። ጠጋኙ ማስቲካውን እያላመጠ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጠፈ፣ ነካ ነካ አደረገው፣ ከዚያ ውስጡ ያለው ዲስክ በሞት አፋፍ ላይ መሆኑን፣ ስለ ሰው ቤት ሰርግ እንደሚያወራ ሰው ግድ ሳይሰጠው ነገራት። በአዲስ ይቀይርላታል፤ በፊት ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጋ ታምጣ። እሱ ለፋይል ተጠያቂ አይደለም። ይህንኑ የሚናገር ካርቶን ከጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ጠጋኙ ዞር እንኳ ሳይል በአውራ ጣቱ አሳያት።

በውስጡ ያለው ሁሉ ግን እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ተብሎ የሚያልቅ አልነበረም። ሴትዮዋ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ታስተምራለች። ለዓመታት ከክፍል ሰዓት ውጭ የምልክት ቋንቋ ቃላትን በቪዲዮ ስትቀርጽ ኖራለች፤ ለአንድ ቃል አንድ አጭር ቪዲዮ። ተሰብስቦ መዝገበ ቃላት ሊሆን ነው፤ የሚያዘጋጁት ሰዎችም በሚመጣው ሳምንት ሊረከቧት ቀጥረዋታል። የልጆቹንና የመምህራኑን ምልክት እንደገና መቅረጽ ቢያደክምም ይቻላል፤ ልጆቹም መምህራኑም አሉ። የማይቻለው የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ምልክት ነው።

ሽማግሌው መስማት የተሳነው ገና ጡት ሳይጥል ነበር። ያኔ ለእንደሱ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልተፈጠረም። እሱና እንደሱ ያሉ ጥቂት ልብስ ሰፊዎችና ጫማ ሠሪዎች አንድ በረንዳ ላይ ተኮልኩለው ሲሠሩ፣ ከመርፌና ከመቀስ፣ ከቆዳና ከክር የራሳቸውን ቋንቋ በእጃቸው አበጁ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ቋንቋው እሱ እጅ ላይ ብቻ ቀረ። መምህርቷ ክረምቱን ሙሉ ፊቱ ቁጭ ብላ ቀረጸችው። አሁን እሱም የለም። የተቀረጸበት የትምህርት ቤቱ ካሜራ ካርድም ተደምስሶ የስፖርት ውድድር ተቀርጾበታል። ያ ሁሉ ቃል የቀረው ሆዱን ለነፋስ በሰጠው በዚህ በሽተኛ ማሽን ውስጥ ነው።

ለመገልበጫ የሚሆን ባዶ ሃርድ ዲስክ ግን በቤቱ አለ። ክፋቱ፣ ያለው ባሏ ዘንድ ነው።

ባሏ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ በወጣትነቱ ገብቶ እዚያው መጋዘን ውስጥ የሸበተ። ዋና ሥራው ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ዕቃ አለመስጠት ሲሆን፣ በዚህም ደጋግሞ ተመስግኗል። ማታ መጋዘኑን ቆልፎ ሲመጣ ግን መጋዘኑ አብሮት ይመጣል። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው። በሙቀት ቀን እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ፣ ጭኑ ከላስቲኩ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ሚስቱን ያሳፍራታል፤ እሱን ያኮራዋል። የቴሌቪዥኑም ሪሞት ከነላስቲኩ ነው፤ ቁጥሮቹ ጭጋግ ውስጥ ስለገቡ ጣቢያ የሚቀየረው በግምት ነው። ሃርድ ዲስኩንም፣ ዓመት ሙሉ ጨቅጭቃው የገዛ ዕለት፣ ከነካርቶኑ ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አቁሞ ቆለፈበትና ቁልፉን ወገቡ ላይ ከሚንኳኩት ጋር ደባለቀው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ላሚቱ እንኳ በሰማይ ናት፤ ይቺኛዋ በመስታወት ውስጥ ቆማ በየቀኑ ታያታለች።

ሳሎን ስትገባ ሶፋውን፣ ማለትም የሶፋውን ላስቲክ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለ አገኘችው።

“ዲስኩን ስጠኝ” አለችው።

“የቱን ዲስክ?”

“በዚህ ቤት ስንት ዲስክ አለ?”

ጨርቁን ጨመቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ መርማሪ ሆነ። ለምን ጉዳይ እንደሚፈለግ ጠየቀ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወጣ፣ ቢወድቅ ማን እንደሚጠየቅ፣ ፍላሽ አለመብቃቱ በምን እንደተረጋገጠ። ሁሉንም በትዕግሥት መለሰችለት። አምኖ ሳይሆን የሚጠይቀው ሲያልቅበት፣ ተከፍቶ የተሠራበት ዕቃ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አሮጌ እንደሚባል አስረዳት። ሲያስረዳ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ሕፃን ልጅ እሳት እንዳይነካ እንደሚመክር አባት።

በዚህ መሐል ታናሽ እህቷ ደረሰች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ብቅ ትላለች። የሚያመጣት የእህቷ ናፍቆት ይሁን የእህቷን ባል መፎገር በውል አይታወቅም። “መጋዘን” የሚለውን ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። ነገሩን ቆማ አዳመጠች፣ ቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ሄዳ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ከዚያ ዞር ሳትል፣

“ጋሼ፣ ስሞት የምታስቀምጠኝ እዚህ ነው አይደል?” አለችው። “አደራህን፣ ከነላስቲኬ።”

“ላንቺ የሚሆን መደርደሪያ የለኝም።”

“ቢኖርህስ ወጪ ታደርገኛለህ? በትንሣኤ ቀን መላእክት መጥተው ልቀቃት ሲሉህ፣ ‘የማን ፊርማ ይዛችኋል?’ ብለህ ልትመልሳቸው ነው።”

ይህን ብላ ከፀጉሯ ላይ አንዲት ማስያዣ መዘዘች፣ በጥርሷ አቀናቻትና ወደ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ጎንበስ አለች። እሱም ያኔ ተሸነፈ። የተሸነፈው ለሚስቱ ሥራ አዝኖ አልነበረም፤ ቁልፉ እንዳይጫር ነው።

አከፋፈቱን ላየው ሰው ቀዶ ሕክምና ይመስል ነበር። ላስቲኩን በምላጭ፣ በስፌቱ በኩል ብቻ፣ ትንፋሹን ይዞ ሰነጠቀው። ካርቶኑን፣ የውስጡን ስፖንጅ፣ ማንም የማያነበውን መመሪያ፣ እርጥበት እንድትመጥ የተጨመረችውን ትንሽ ከረጢት ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደረ። ዲስኩ ሲወጣ የመዳፍ ያህል ጥቁር ነገር ነው። እህቷ “ለዚህች ነው?” አለችና መውጫው በር ላይ ሄዳ ጠበቀቻት።

መምህርቷ ላፕቶፑን በተገለበጠ የብረት ትሪ ላይ አስቀመጠች፣ ቬንትሌተሩን አጠገቡ አቆመች፣ ኬብሉን ሰካች፣ ትልቁን ፎልደር ጎትታ ዲስኩ ላይ ጣለችው። አረንጓዴው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መጓዝ ጀመረ። ማሽኑ አጓራ፤ ግን አልጠፋም። ስምህ ይመስገን አለች በልቧ።

መቆየት አትችልም። ቅዳሜ ለተማሪዎቿ ወላጆች የምልክት ቋንቋ ታስተምራለች፤ ከሩቅ ሰፈር የሚመጡ እናቶች አሉ።

“ምንም አትንካ” አለችው ቦርሳዋን እያነሣች። “ሲያልቅም አትንካ። የሚጠይቅህ ነገር ካለ ደውልልኝ።”

“ዕቃ መጠበቅ ልታስተምሪኝ ነው?” አለና ወንበር ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ።

መንገድ ላይ እህቷ ስለ መጋዘን ስታወራ እሷ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። ንቀት ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ከሌላው በደሏ ጋር ደምራ ይቅርታ ትለምንበታለች። ጠዋት ግን ባሏ አዲሱን ፎጣ “እሱ የእንግዳ ነው” ብሎ ከእጇ ሲቀበላት፣ የማታው ጸሎት ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ ያልቅባታል። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻላት ነበር። ክፉ ሰው ይጠላል፤ ለመጥላት ደግሞ ሰውየውን ቢያንስ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ባሏ አይሰክርም፣ አይማታም፣ የሰው ገንዘብ አይነካም። ብቻ ከእያንዳንዱ ነገር ፍሬውን ትቶ ልጣጩን ሲጠብቅ ይኖራል፤ ይህንንም ጨዋነት ነው ይለዋል።

በምልክት ቋንቋ ሰው እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም፤ ልጆቹ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ የእጅ ስም ይሰጡታል። ባሏ አንድ ጊዜ ለወላጆች በዓል ትምህርት ቤቱ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ከወገቡ የሚወዛወዙትን ቁልፎች አዩና በሁለት ጣት ጎን ላይ ቁልፍ አዙሮ፣ ወዲያው መዳፍን ጭብጥ አድርጎ መያዝ ብለው ሰየሙት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሲጠይቃት “ኃላፊ ማለት ነው” አለችው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቿን መንገድ ላይ ባገኘ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ በዚያ ስም ራሱን ያስተዋውቃል። እነሱም በአክብሮት ይመልሱለትና ጥግ ሲዞሩ በሳቅ ይወድቃሉ።

ትምህርቱ መሐል ስልኳን አየች። አልደወለም። አለመደወሉን ለበጎ ተረጎመችው።

ስትመለስ ሳሎኑ ጸድቶ ጠበቃት። ትሪው ታጥቦ ተሰቅሏል። ቬንትሌተሩ ሽፋኑን ለብሷል። ዲስኩ ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርቶኑ ላስቲኩ ውስጥ ገብቶ፣ የላስቲኩ ስንጥቅ በፕላስተር ታሽጎ፣ ከመስታወቱ ጀርባ በክብር ቆሟል። ላፕቶፑ ብቻ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል። ባሏ ቆጠራ ጨርሶ አንድም ጉድለት ያልተገኘበት ሰው ፊት ነበረው።

“ተጠናቋል” አላት።

ላፕቶፑን ከፈተችው። ጥቂት አጓርቶ ተነሣ። ፎልደሩ በቦታው የለም። ሌላ ቦታ ፈለገች፤ የለም። የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተች፤ እሱም ባዶ ነው።

“ፋይሎቹስ?”

“ዲስኩ ላይ ናቸው። ከወንበሬ ሳልነሣ እስከ መጨረሻው አይቻለሁ።”

“እዚህ የነበሩትን ነው የምልህ።”

“አስወገድኳቸው። ቆሻሻውንም ደፋሁት።” ፊቷን ሲያይ ማብራራት እንደሚገባው ተረዳ። “አንድ ዕቃ በሁለት ቦታ አይያዝም። የስርቆት ሁሉ መነሻ እሱ ነው፤ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ ይባልና ቆጠራ ሲመጣ አንዱም ጋ የለም። ወደ አዲሱ ገቢ ከሆነ ከአሮጌው ወጪ ይሆናል። እኔ ባልኖር ሁለቱም ጋ ትተሽው ልትሄጂ ነበር።”

ሁለቱም ጋ ትታው ለመሄድ ነበር ይህ ሁሉ ልፋት። ቀኑን ሙሉ መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ጋር ስትውል እንዲህ ያለ መደናቆር ገጥሟት አያውቅም። ልታስረዳው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ ውሃ ነው። የሆነው ሆኖ፣ ዲስኩ ላይ ካለ አለ።

“ክፈተው” አለችው።

ገና አሁን አሽጌው እያለ ከፈተ። ዲስኩን ሰካችና ፎልደሮቹን በተራ አየች። የልጆቹ አለ። የመምህራኑ አለ። የሽማግሌው ፎልደር ስሙ አለ፤ ስትከፍተው ውስጡ ነጭ ነው።

“የልብስ ሰፊውስ?”

“እነሱ የተበላሹ ናቸው።”

“ማነው የተበላሹ ያለው?”

“ማሽኑ ራሱ። ማንበብ አልተቻለም፣ እንደገና ይሞከር ወይስ ይዘለል አለኝ። ውድቅ ዕቃ ወደ አዲስ መጋዘን አይገባም፤ ዝለል አልኩት። በእያንዳንዱ እየጠየቀ ሲያሰለቸኝ ለሁሉም ዝለል አልኩት።” ጉሮሮውን ጠረገ። “እውነቱን ለመናገር ውድቅ ዕቃ ያለ ኮሚቴ አይወገድም። እሱ ላይ ተሳስቻለሁ። ግን ቤት ነው ብዬ ነው።”

የዲስኩን ኬብል ነቀለች።

“ደውል ብዬህ ነበር” አለችው።

“ለውድቅ ዕቃ?”

ላፕቶፑን ዘጋችና በሻርፗ ጠቀለለችው። ዲስኩን ልታነሣ ስትል ግን ቀድሟት መዳፉን ጫነበት። ከእንግዲህ ዕቃ ያለበት ሣጥን ነው፤ ዕቃ ያለበት ሣጥን ከቦታው አይነቃነቅም አላት። የሞኝነቱን መጨረሻ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። ለሱ ትታለት ወጣች።

ጠጋኙ ሱቅ እንደገባች ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። ማላመጡን አቆመ።

“የጠፋ ፋይል ይፈለጋል” አለ። “የታመመ ዲስክም ይታከማል። ታሞ ሳለ የጠፋበት ግን…” ማስቲካውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። “ከጠፋ በኋላ ደጋግመው ከፍተውታል፣ ቲቸር?”

“አንዴ።”

“እሱም በዝቷል።”

ካቻቢቴውን አንሥቶ የላፕቶፑን ጀርባ ፈታ፣ ዲስኩን እንደ ጥርስ ነቅሎ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያያዘው። እየፈታ ቅድመ ሁኔታውን ደረደረ፦ ሁሉም ይገኛል ብላ እንዳትጠብቅ፣ መሐል ላይ ቢሞት እሱን እንዳትወቅስ፣ ከየትኛው እንዲጀምር እንድትነግረው። “ከሽማግሌው” አለችው። የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ፣ የተገኘው የሚቀመጥበት ባዶ ዲስክ ነው። የሱ ኮምፒውተር ሆዱ ሞልቷል። በምን እንደሞላ ስክሪኑ ላይ ይታይ ነበር፤ ትናንት ፊልም ውስጥ ሲተኳኮሱ የነበሩ ሰዎች አሁንም ይተኳኮሳሉ።

ሳትወድ ባሏ ጋ ደወለች። ዲስኩን እንዲያመጣ ነገረችው። ዕቃ ያለበት ሣጥን የሚለውን እንደገና ጀመረላት። እንደማትሰማው ሲያውቅ “መጣሁ” ብሎ ዘጋው።

ካርቶን ታቅፎ መጣ። መምህርቷ ተቀብላው ገለበጠችው። ላስቲኩ ድፍን ነው፤ የምላጭም የፕላስተርም ምልክት የለበትም።

“ይሄ የቱ ነው?”

“ተጠባባቂው።”

“የምን ተጠባባቂ?”

“ሁለት ነበር የገዛሁት” አለ ወደ መንገዱ እያየ። “አንዱ ቢበላሽ ተብሎ።”

“አንዱ በምን ይበላሻል? ተከፍቶ እኮ አያውቅም።”

“ዕቃ አይታመንም።”

ከክረምት ልብሷ ሥር ሻንጣ ውስጥ ነበር የደበቀው። እሷ ዓመቱን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ ቦታ ለማግኘት የገዛ ፎቶዎቿን ስትሰርዝ፣ እናቷ በሕይወት ሳለች የተነሣቻቸውን ሳይቀር እየመረጠች ስታጠፋ፣ ይህ ነገር ከሹራቧ በታች ተኝቶ ነበር። እህቷ ከጎረቤት ካለው ፀጉር ቤቷ ማበጠሪያ እንደያዘች ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

“እትዬ፣ ተይው” አለች። “ባዶ ዲስክ በባዶ ዲስክ ባክአፕ አድርጎ ሰላም የሚተኛ ሰው ባገሩ አንድ ነው። እሱም ቢጠፋብን ቅጂ የለንም።”

ጠጋኙ ካርቶኑን ነጠቀና ላስቲኩን በጥርሱ ቦጨቀው። ባሏ “ቀስ!” ብሎ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ጎንበስ ብሎ ቁርጥራጩን ከወለሉ ለቀመ፣ አንድ በአንድ በጭኑ ላይ አስተካከለ፣ አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ቆመው አዩት። የሚያዩት ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ቁጭ ብለው ጠበቁ። የፋይል ስሞች በዝግታ መውረድ ጀመሩ። ጠጋኙ የተገኘው ደህና መሆኑን ለማየት አንዱን ከፈተ። ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ፊቱ ላይ የከሰዓት ፀሐይ እንዳረፈበት። መምህርቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ድምፅ የለውም፤ ተበላሽቶ መሆን አለበት” አለ ጠጋኙ ቁልፍ እየነካካ።

“ድምፅ ኖሮት አያውቅም።”

የሽማግሌው እጆች የማይታይ ጨርቅ ዘረጉ። በሁለት ጣቱ ቆረጠው። ከዚያ ከመስፋቱ በፊት የጨርቁን ጠርዝ በጣት ስፋት ልክ ወደ ውስጥ አጠፈና በመዳፉ በቀስታ መታ መታ አደረገው።

“ምን እያለ ነው?” አላት ጠጋኙ።

“ምሕረት” አለችው። “ደህና ሰፊ ጨርቁን ልክ በልክ አይቆርጥም። ሰውየው ነገ ቢወፍር፣ ልጁ ቢያድግ የሚለቀቅ ትርፍ ስፌቱ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። እግዜር ሰውን የሰፋው እንደዚህ ነው ይል ነበር።”

ባሏን አየችው። ባዶውን ካርቶን ጭኑ ላይ አቁሞ በክርኑ አቧራውን ይጠርጋል። እሷም ለዓመታት ከስፌቷ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ስትለቅለት ኖራለች፤ ለሶፋው፣ ለፎጣው፣ ለቁልፉ። ዛሬ ጠርዙ ላይ ደርሳለች። የሚለቀቅ ጨርቅ አልቀረም።

አንዳንዱ ቪዲዮ በደህና ወጣ። አንዳንዱ የሽማግሌውን እጅ አረንጓዴ ነጠብጣብ በልቶት መጣ። ከአንዳንዱ የተረፈው ስሙ ብቻ ነው። ቆይቶ የታመመው ዲስክ ጥፍር መስታወት ሲቧጭር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አወጣና ቀጥ አለ። ጠጋኙ ጥቂት ጠብቆ “እስከዚህ ነው” አለ። ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ተርፏል። መምህርቷ ለተረፈው አመሰገነች፤ ለጠፋው የምትለው ቃል አላገኘችም።

ጠጋኙ አዲሱን ዲስክ ነቅሎ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ባሏ ካርቶኑን ከፍቶ አስጠጋ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዴት እንደሚቆሙ፣ ቁልፉንም በድርብ ቁልፍ መለወጥ እንደሚሻል ያወራ ጀመር። መምህርቷ መዳፏን ዲስኩ ላይ ጫነችበት።

“ከነዚያ ፊልሞች ጥቂቱን አጥፋና ቦታ ልቀቅልኝ” አለችው ጠጋኙን። “ይሄን ወዳንተ ማሽን ገልብጠው። ቤት ያለውን ዲስክም አመጣልሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሰዎች ይመጣሉ። ፍላሽ ለያዘ፣ ስልክ ለያዘ፣ ለሁሉም ቅዳለት። እኔን አትጠይቅ፤ ዋጋህን ከእኔ ትወስዳለህ።”

“ለእነማን?” አለ ባሏ። “ስንት ቅጂ? በማን ፈቃድ? ይሄ እኮ መበተን ነው።”

“አዎ” አለችው፤ ዞር ብላ አላየችውም።

ጠጋኙ የጥያቄውን ግማሽ ወደደው። “እውነት ግን ቲቸር፣ ማን ለዚህ እንደመጣ በምን አውቃለሁ? መንገደኛው ሁሉ እየገባ…”

“አፍ አውጥተው አይጠይቁህም። በእጃቸው ነው የሚነግሩህ።”

“እኔ የእጅ ቋንቋ ከየት አውቄ?”

“አንድ ቃል ይበቃሃል፦ ‘ቅዳልኝ’። ተነሥ።”

እጇን ከዲስኩ ላይ አነሣች፤ ለመናገር ሁለቱም ያስፈልጓት ነበር። ግራ መዳፏን ደረቷ ፊት ሰብስባ ያዘች፣ ቀኟን ከውስጡ አውጥታ ወደ ሰው ዘረጋች። ጠጋኙ ማስቲካውን ተፍቶ ቆመ፣ ቅባት የነካቸውን እጆቹን አነሣና አስመሰላት። ሁለቱም እጆቹ ተከታትለው ወደ ፊት ሄዱ።

“አይደለም” አለችው፣ ግራ እጁን ይዛ ወደ ደረቱ እየመለሰች። “ቀኝህ ይስጥ። ግራህ ግን የያዘውን አይልቀቅ።”